ድምፅ ሳይኖረኝ ብሬግዚትን ተከትዬ

እኔ የምኖርበት የለንደኑ ላምቤዝ በ2016ቱ ህዝበ ውሳኔ 78.6 በመቶ "ከአውሮፓ ህብረት አንውጣ" ብሎ ድምፅ ሰጠ። (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከጅብራልታር በስተቀር ከዚህ የበለጠ የትም አልተመዘገበም። "እንውጣ" በማለት ከአገሩ አንደኛ የወጣችው ደግሞ ቦስተን ናት፤ 75.6 በመቶ። የአሜሪካዋ አይደለችም፤ አሜሪካኖቹ ስሙን የወሰዱት ከዚህችኛዋ ነው። ከኪንግስ ክሮስ ተነስቶ ግራንተም ላይ ባቡር ለቀየረ ሰው ሦስት ሰዓት አይፈጅም። የአንድ አገር ሰዎች ሦስት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ይህን ያህል ሲራራቁ እዚያ ምን እንደሚባል መስማት አማረኝ። ብሪታንያ በብሬግዚት ህብረቱን ከለቀቀች አምስት ዓመት ቢያልፍም ጭቅጭቁ አልበረደም።

መጀመሪያ ግን ስለ ራሴ ሰፈር ትንሽ ልበል። በህዝበ ውሳኔው የመምረጥ መብት የነበራቸው የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ እንዲሁም እዚሁ የሚኖሩ የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች ነበሩ። ስለዚህ ኬንያዊው ጎረቤቴ መረጠ። ሳውዝ ላምቤዝ ሮድ ላይ ዳቦ የሚጋግረው ፖርቱጋላዊ ግን አልመረጠም፤ ሰውየው ግማሽ ዕድሜውን እዚህ ቢኖርም፣ ነገሩ የሚነካው እሱን ቢሆንም። እኔም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ የምኖር ስለሆንኩ ቁጭ ብዬ አየሁ።

የእኛ ሰው በሙሉ "አንውጣ" ያለ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ቤተክርስቲያን ጠበል ጻዲቅ ላይ አንዲት እናት ይህን ጉዞ እንዳሰብኩ ሲሰሙ ሳቁብኝ። ዜግነት ከወሰዱ ቆይተዋል።

"ምን ልታይ ትሄዳለህ ልጄ? እኔን ጠይቀኝ። 'እንውጣ' ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ? ምነው እማማ?"

"ፖላንዱ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ይገባል። የእህቴ ልጅ ግን ለልጄ ሰርግ እንኳን ቪዛ ተከለከለች። ሁሉም እኩል ይሰለፍ ብዬ ነው።"

መልስ አጣሁላቸው። እውነቱን ለመናገር ሂሳባቸው ከብዙ ፖለቲከኛ ሂሳብ የተሻለ ነበር። ከብሬግዚት በኋላ የአውሮፓውያኑ ቁጥር ወረደ፤ ከሌላው ዓለም የሚመጣው ግን ተተኮሰ። በ2023 አጋማሽ የነበረው የአንድ ዓመት የተጣራ የስደተኛ ቁጥር ከ9 መቶ ሺህ በላይ ሆነ። "ስደተኛ ይቀንስ" ብሎ የመረጠው ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም።

ከግራንተም በኋላ መሬቱ ጠፍጣፋ ነው። ጥቁር አፈር፣ ቀጥ ብሎ የተቆፈረ ቦይ፣ ከዚያ ደግሞ ጎመን። ፌንስ ይሉታል። ድሮ ረግረግ ነበር፤ ውሃው ተንጠፍጥፎ ነው እርሻ የሆነው። የቦስተን ቤተክርስቲያን ግንብ ገና ከሩቁ ይታያል፤ ከ80 ሜትር በላይ ቁመት እያለው የከተማው ሰው "ጉቶው" ብሎ ይጠራዋል። እንግሊዝ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

የደረስኩት ረቡዕ፣ በገበያ ቀን ነው። ከአንድ የሻይ መሸጫ አጠገብ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ቆመው ነበር። ትከሻቸው ሰፊ ነው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ አትክልት በማመላለስ ያሳለፉ ሾፌር ናቸው። ስለ ብሬግዚት መጠየቅ እንደምፈልግ ስነግራቸው "አሁንም?" አሉና ግማሽ ሰዓት አወሩኝ።

"ማንም አላማከረንም" አሉ። "በ2004 በሩን ከፈቱት። ፈረንሳይና ጀርመን ቆይ እንይ ሲሉ የእኛዎቹ ወዲያው ከፈቱት። ከተማዋ ትንሽ ናት። ሐኪም ቤቱ ያው፣ ትምህርት ቤቱ ያው፣ ቤቱ ያው። የኪራይ ዋጋ ሰማይ ነካ። ይህን ስንል ለንደን ያሉት ዘረኞች አሉን። ጎመናቸውን ግን በርካሽ ይበሉ ነበር።"

ያሉት ስለ 2004 ልክ ነው። ያኔ ስምንት የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ከቆጵሮስና ከማልታ ጋር ህብረቱን ሲቀላቀሉ፣ ለስምንቱ ሠራተኞች የሥራ ገበያቸውን ሳይገድቡ የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ነበሩ። ማለትም ውሳኔው የህብረቱ መቀመጫ የብራስልስ ሳይሆን የለንደን ነበር። ይህንን ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ለእኔ ያው ነው። ድምፅ እንድሰጥ የተጠየቅኩት አንዴ ነው። በተጠየቅኩበት መለስኩ።"

ታዲያ እኔስ የውጭ አገር ሰው አይደለሁም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"አንተማ ለጉብኝት ነው የመጣኸው" አሉኝ። ሻዩንም ከፈሉልኝ።

ከገበያው ጥቂት ራመድ ሲሉ ዌስት ስትሪት የሚባለው መንገድ አለ። የምዕራብ መንገድ መሆኑ ነው፤ የከተማው ሰው ግን በነገር "የምሥራቅ መንገድ" ይለዋል። የፖላንድ ሥጋ ቤት፣ የሩማንያ ምግብ፣ የላትቪያ ሱቅ ተደርድሯል። አንዱ የሊቱዌኒያ ሱቅ ገባሁ። ጥቁር የአጃ ዳቦ፣ የተጨሰ ዓሣ፣ በጣሳ የታሸገ ሣርዲን፣ ባንኮኒው ላይ ደግሞ እንደ ጥድ ቅርንጫፍ የሾለ ትልቅ ኬክ። ሻጯ ሴት ባለሱቋ ራሷ ናት። በ2005 መጥታ ዓመታት አበባ ጎመን ስታሽግ ቆይታ ነው ሱቁን የከፈተችው።

ትማረራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተማረረችም።

"ስንመጣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነን ነበር የምንተኛው። ጎረቤቱ ተናደደ። እኔም ብሆን እናደዳለሁ" አለችኝ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እኔ መምረጥ ብችል ኖሮ እኮ 'እንውጣ' እል ነበር። እኔ ከገባሁ በኋላ በሩ ይዘጋ!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ያቺ የጠበል ጻዲቋ እናት ትዝ አሉኝ። ሁለቱ ቢገናኙ ቡና ጠጥተው ይስማማሉ።

ጎመኑ ግን ሰው ይፈልጋል። ሱቋ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ስልክ ካርድ ሲገዙ በሩሲያኛ ያወሩ ነበር። ከኪርጊዝስታን ናቸው። ብሪታንያ አሁን ለእርሻ የምትሰጠው የስድስት ወር የወቅት ቪዛ ነው፤ ከመካከለኛው እስያ ብዙ ሰው ያመጣል። ሊቱዌኒያዊው ቤተሰቡን ይዞ ይሰፍር ነበር፤ ግብር ይከፍላል፣ ልጁን ያስተምራል። እነዚህኞቹ ወቅቱ ሲያልቅ ይሸኛሉ። ለገበሬው ይመቸው ይሆናል። እነዚያ ሾፌር የተመኙት ግን ይህን ነው ለማለት እቸገራለሁ።

ቦስተን ራሷ በንግድ ማኅበር የበለጸገች ከተማ መሆኗን ያወቅኩት ማታ ሳነብ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሱፍ ወደ አውሮፓ ስትልክ ከለንደን ቀጥላ ትልቋ የእንግሊዝ ወደብ ነበረች። ሃንዛ የሚባለው የሰሜን ጀርመን ከተሞች የንግድ ኅብረት ነጋዴዎች እዚያው ከትመው ይነግዱ ነበር። ያ ግዙፍ ግንብ የተሠራው በዚያ ገበያ ባደገ ሀብት ነው። ይህን ለሾፌሩ ብነግራቸው ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፦ "ለእኔ ያው ነው።"

የለንደኑን ፓርላማ ሽኩቻ አልደግመውም። የ"እንውጣ" ዘመቻ በየሳምንቱ ለህብረቱ ይላካል ብሎ 350 ሚሊዮን ፓውንድ የጻፈበት ቀይ አውቶቡስ፣ አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ ሁሉም ሰው ጠግቦታል። አንድ ነገር ብቻ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ድምፅ ሊሰጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኔ 16 ቀን 2016፣ ጆ ኮክስ የምትባል የፓርላማ አባል ከመራጮቿ ጋር ልትገናኝ ስትሄድ መንገድ ላይ ተገደለች። የሁለት ትንንሽ ልጆች እናት ነበረች። ክርክር ወዴት ሊሄድ እንደሚችል እኛ አገር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔ ያደግኩባት አዲስ አበባም የመውጣት ታሪክ ታውቃለች። ሞሮኮ በ1984 ለሳህራዊ ሪፐብሊክ (ለምዕራብ ሳህራ) በተሰጠው ወንበር ምክንያት ከአፍሪካ አንድነት ድርጅት ረግጣ የወጣችው እዚያ በተደረገ ጉባኤ ነው። ወደ ተተኪው የአፍሪካ ህብረት የተመለሰችውም በ2017 እዚያው አዲስ አበባ ነው። 33 ዓመት። እንግሊዞቹ "እንመለስ፣ አንመለስ" ሲባባሉ በሰማሁ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

ከዚያ ወደ ቤልፋስት በረርኩ። የብሬግዚት ጉዳይ የምር የሚከርረው ሰሜን አየርላንድ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ደቡቡ፣ የአየርላንድ ሪፐብሊክ፣ ህብረቱ ውስጥ ቀረ። ሰሜኑ የብሪታንያ ግዛት ስለሆነ 55.8 በመቶ "አንውጣ" ቢልም አብሮ ወጣ። በመካከል 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ድንበርና ከ200 በላይ መሻገሪያ አለ። ህብረቱ ዕቃ የሚፈትሽበት ኬላ የሆነ ቦታ መኖር አለበት። የብስ ላይ ቢተከል ከ1998ቱ የሰሜን አየርላንድ የሰላም ስምምነት በፊት የነበረው የወታደርና የጥይት ዘመን ይመለሳል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ባሕሩ ላይ ሆነ። ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም በአንድ አገር ውስጥ፣ የሚጓዝ ዕቃ ወረቀት ይጠየቃል።

የቤልፋስት ታክሲ ሾፌር ለዚህ ትዕግሥት የለውም። "ከራሴ አገር ወደ ራሴ አገር ሶሴጅ ሲመጣ ጉምሩክ? የት ታይቷል?" አለኝ። ከብሪታንያ ጋር መቆየትን የሚደግፈው፣ የእሱ ወገን የሆነው ዲዩፒ የተባለው ፓርቲ በዚህ የተነሳ በየካቲት 2022 የአካባቢውን መንግሥት ጥሎ ወጥቶ ሁለት ዓመት ሥራ ቆሟል። ቀልድ አይደለም።

በሰሜን አየርላንድ ድንበር አጠገብ ያለችው ኒውሪ ከተማ ደርሼ አንድ ሱፐርማርኬት ገባሁና ያንን ሶሴጅ ፈለግኩት። ማሸጊያው ላይ፣ ከዋጋው በታች፣ በትንሽ ጽሑፍ "ለአውሮፓ ህብረት አይደለም" ይላል። ከ2023 ወዲህ የመጣ ነው። የህብረቱ ምድር ከሱቁ በር በመኪና አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ሶሴጁ መሻገር የለበትም፤ የሚገዙት ሰዎች ግን በየቀኑ ይሻገራሉ። እዚያው በር ላይ ያገኘሁት የጭነት መኪና ሾፌር የሰሜኑ ወተት ሲሶ ያህሉ ደቡብ ሄዶ እንደሚቀነባበር፣ ደብሊን የሚጠመቀው ጊነስ ደግሞ ቤልፋስት መጥቶ በጣሳ እንደሚታሸግ ነገረኝ። "ኬላ ይተከል ቢሉ በማግስቱ ይነቀላል" አለ። "አባቴ እዚህ መንገድ ላይ በወታደር ሲፈተሽ አይቻለሁ። እኔን ልጄ እንዲህ አያየኝም።"

እሱና የቤልፋስቱ ሰው ሁለቱም የሚፈሩት ኬላን ነው። አንዱ የብስ ላይ፣ ሌላው ባሕር ላይ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማስደሰት አይቻልም፤ የወጣው ውል ሁሉ አንዱን አስከፍቶ ነው የተፈረመው።

ከሰዓት በኋላ በታክሲ ወደ ካሪካርኖን ሄድኩ። ድንበሩ እዚያ ነው ተብያለሁ። ምንም የለም። የአስፋልቱ ጠርዝ መስመር ቀለም ይለወጣል፤ ፍጥነቱ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። በቃ። መኪኖች ሳይቀንሱ ያልፋሉ።

"ና እንሻገር፣ ደንዶክ ላይ ምሳ ብላ" አለኝ ባለታክሲው። ደንዶክ ከድንበሩ ማዶ፣ በሪፐብሊኩ በኩል ያለች ከተማ ናት።

እንደማልችል ነገርኩት። ብሪታንያና አየርላንድ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲመላለሱ ተስማምተዋል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግን ብሪታንያ ውስጥ ቢኖርም የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከብሬግዚት በፊትም እንዲሁ ነበር። አልፎ አልፎ የአየርላንድ ፖሊስ አውቶቡስ አስቁሞ መታወቂያ ያያል፤ ማንን እንደሚጠይቅ ደግሞ እኔን የመሰለ ሰው ያውቀዋል።

ሰውየው መጀመሪያ አላመነኝም። "እዚህ ጋ ድንበር የለም እኮ! ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የተጨቃጨቅነው" አለ።

"ለእናንተ የለም" አልኩት።

ትንሽ አሰበና መኪናውን አዞረው። ኒውሪ እስክንደርስ ስለ ቪዛው ሲጠይቀኝ ቆየ። ዋጋው ስንት ነው? 60 ዩሮ። ካልተሰጠህስ? ገንዘቡ አይመለስም። "ይሄንን እዚያ ፓርላማ ውስጥ አንድም ሰው አንስቶት አያውቅም" አለ።