ወደ ስብሰባው ያልተጠሩት ረዳት

አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ መዋዕለ ሕፃናት የትምህርት ድጋፍ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ከተማዋ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ በመሆኗ ከምንቀበላቸው ሕፃናት ብዙዎቹ የዲፕሎማቶችና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች ናቸው። ቤት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቋንቋ ይናገራሉ፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ከረዳቶቹ አማርኛ ይለቅማሉ። በዚህ ዕድሜ ወደ አዲስ ቋንቋ የገባ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ቢል የሚያስደነግጥ አይደለም። አስቸጋሪው ነገር ዝምታው ከመልመድ የመጣ ይሁን ወይስ ከሌላ ችግር መለየቱ ነው።

በአንድ የበልግ ዝናብ ሰሞን የአንድ የአራት ዓመት ልጅ ጉዳይ ለድጋፍ ስብሰባ ቀረበ። ወላጆቹ ከሴኔጋል የመጡ ሲሆኑ ቤት ውስጥ ወሎፍና ፈረንሳይኛ ይናገራሉ። የክፍል መምህርቷ ያቀረበችው ሪፖርት ልጁ መመሪያ እንደማይከተል፣ ስሙ ሲጠራ ዞር እንደማይል፣ በተረት ሰዓትም ከምንጣፉ ተነሥቶ እንደሚሄድ ይገልጻል። በአንዳንድ ቀናት ግን በደንብ ያዳምጥ ስለነበር በስብሰባው ላይ «ሲፈልግ ይሰማል» ተባለ። የትኩረት ማነስ ሊሆን ይችላል በሚል ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲላክም ሐሳብ ቀረበ።

በአሠራራችን ልጅ ወደ ውጭ ባለሙያ ከመላኩ በፊት ክፍል ውስጥ ተገኝቼ እመለከተዋለሁ። በዚያን ዕለት በመክሰስ ሰዓት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ረዳት አጠገቤ መጥተው፣ «ልጁ እኮ ከኋላው ሲጠሩት አይሰማም። ፊት ለፊቱ ስቀመጥ ግን አፍ አፌን እያየ ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ደግሞ ጭራሽ ይጠፋብኛል» አሉኝ። «እትዬ፣ ይህን ለመምህርቷ ነግረዋታል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» ሲሉ መለሱልኝ።

እኒህ ሴት ቀኑን ሙሉ የሕፃናቱን አፍንጫ ሲጠርጉ፣ ጫማ ሲያስሩና እጅ ሲያስታጥቡ ፊታቸው ከልጆቹ ፊት ጋር እኩል ይሆናል። መምህርቷ በትጋት የምትሠራ ብትሆንም አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ለሃያ ልጆች ነው የምትናገረው። ረዳቷ ያዩትን ልታይ የምትችልበት ቦታ ላይ አልነበረችም።

ለእናቱ ደውዬ በቤት ቋንቋውስ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ጉንፋን ከያዘው ወዲህ በወሎፍም «ምን?» እያለ ደጋግሞ እንደሚጠይቅ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እንደሚጨምርና ሌሊት አፉን ከፍቶ እያንኮራፋ እንደሚተኛ ነገረችኝ። ቋንቋ በመልመድ ላይ ያለ ልጅ የሚቸገረው በአዲሱ ቋንቋ ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋውም ሲቸገር ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይላል። ስለዚህ ማንም የትኩረት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም እንዲሄድ ተስማማን።

ሐኪሙ ከሁለቱም የጆሮ ታምቡሮች ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አገኘ። የመሃል ጆሮን ከአፍንጫው ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በሕፃናት ላይ አጭርና ወደ አግድም ያዘነበለ ስለሆነ ከጉንፋን በኋላ እንዲህ ያለው ችግር በጣም የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም ስለሌለው ወላጅ አይጠረጥረውም። የሚሰማው ድምፅ ጆሮን በጣት ደፍኖ እንደማዳመጥ ነው፤ ፈሳሹም ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ ልጁ ዛሬ ሰምቶ ነገ ላይሰማ ይችላል። «ሲፈልግ ይሰማል» ያሰኘውም ይኸው መለዋወጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሹ በራሱ ስለሚደርቅ ሐኪሙ 3 ወር እንድንጠብቅና የመስማት ምርመራው እንዲደገም አዘዘ።

በነዚያ ወራት ልጁን ከፊት አስቀመጥነው። መምህርቷ ከመናገሯ በፊት ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፣ ተረቱን በሥዕል ታሳየዋለች፤ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ የቃል ትምህርቱን ትታ ወደ ሥዕልና ወደ ጭቃ ሥራ ትዞራለች። ልጁ በተደገመው ምርመራ ደህና ሆኖ ተገኘ። እንግሊዝኛው አሁንም ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል፣ በተረት ሰዓትም ከምንጣፉ አይነሣም።

የድጋፍ መጠየቂያ ቅጻችን አሁን ከጠባይ በፊት የሚጠይቀው ስለ ጆሮ፣ ስለ ዓይን፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ቤት ቋንቋ ነው። ረዳቶችም ስለሚንከባከቡት ልጅ በሚደረግ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚያዩትንም በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ ለተሰብሳቢው እተረጉማለሁ። ስብሰባው የሚደረገው ግን ከሥራ ሰዓት ውጪ ስለሆነ፣ ለዚያ ሰዓት እንደ መምህራኑ ሁሉ እንዲከፈላቸው ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን እየተከታተልኩ ነው።