ጋሼ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀው። ሰማዩ ከአዘዞ በኩል ጠቁሮ ሲመጣ የእኔም ፊት አብሮ ሳይጠቁር አልቀረም። ለቡናው ስኳር ልገዛ ስወጣ ታላቄ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ ዝናብ መጣ!" አለኝ።

ጋሼ! የስድስት ዓመት ታላቄ ነው እኮ። በወጉ ቢሆን "አያ" ብዬ መጥራት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ይሄ ሰው ሰዉን የሚያስረጀው በምንድን ነው? በቁጥር እንዳልል፣ ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ ሁሌም "ሃያ" ነው። እሱ ሃያ፣ እማዬ ሃያ፣ የፋሲል ግንብም ሃያ። (ግንቡ ወደ 400 እየተጠጋ ነው። እማዬን ግን ደስ ይላታል።)

በቁመት ይሆን? ፒያዤ የሚባለው የስዊዘርላንድ ሊቅ ትንንሽ ልጆች ረዘም ያለውን ታላቅ እንደሚያደርጉት አስተውሏል። ታላቄ ግን ትንሽ ልጅ አይደለም። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት ስንል ሰዉ "አሃ፣ እንደ አምስት ዓመት ልጅ ማለት ነው" ይለናል፤ እዚህ ላይ ነው የምበግነው። የትኛው የአምስት ዓመት ልጅ ነው 43 ዓመት ሙሉ ሰው ሲወጣ ሲገባ ያየ? ደግሞ የሰፈራችን ረጅሙ ያ ኳስ ተጫዋች ጎረምሳ ነው፤ ታላቄ "ማሙሽ" ነው የሚለው። እግሩን ተሰብሮ በክራንች የመጣ ቀን ግን ብድግ ብሎ "አባባ" አለው። ጀሶው ሲፈታ ልጁ ተመልሶ ማሙሽ ሆነ።

እኛስ ብንሆን? አማርኛ እኮ ዕድሜ ሳይገምቱ አፍ አያስከፍትም። አንተ ልበል እርስዎ? እህቴ ልበል እናቴ? ባለፈው ባጃጅ ውስጥ አንዷን "እማማ ጠጋ ይበሉ" ብዬ እስክወርድ አኩርፋኛለች። እማዬም ዕድሜዋን ስትጠየቅ "ጃንሆይ ሲወርዱ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ" ነው መልሷ። መታወቂያዋ ላይ ያለውን ዓመት ጸሐፊው ፊቷን አይቶ ነው የሞላው። ያ ግምት ማኅተም ተመታበት፣ የታላቄ ግን ያስቃል።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ለካ እሱ እጄን ነው የሚያየው። ቁልፌን።

የሰፈሩ ዘበኛ ትዝ አለኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ግን ወገቡ ላይ አንድ እቅፍ ቁልፍ ስለሚያንቃጭል ይሆናል ታላቄ ከሁላችንም በላይ የሚያከብረው። ታላቄ ራሱ እስከ ዛሬ አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ከመካከላችን ቁልፍ ልስጠው ያለ የለም። አለመባሉን እንኳ ልብ ያልኩት አሁን ነው።

ያፈርኩበትን ልናገር፤ ፈተንኩት። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ደበቅኩና "አሁንስ? ማነኝ?" አልኩት።

በጣም ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ስኳሩስ?"

ሱቁ ጋ ስደርስ ተዘግቷል፣ ዝናቡም ጀምሯል። ፒያሳ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰውዬ ነበር። አሁንም እዚያው አለ ይሆን?