ፊኛውን እንዳትጥሉት

ወዳጆቼ፣ በያላችሁበት እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላምና በጤና አደረሳችሁ። 43 ቀን የጾመው ቤት ዛሬ ማታ ድስቱን ሊጥድ ነው። ሽንኩርቱ ተከትፏል፣ ዶሮው ተገዝቷል፣ በጉም ደጅ ታስሮ የሚደርስበትን የሚያውቅ ይመስል ይጮኻል። የዘንድሮው መልእክቴ ታዲያ ስለሚበላው አይደለም፣ ከሚበላው ስለሚተርፈው ነው።

ገና ስሙን ከጨዋታ ጋር የሚጋራ በዓል ነው። «ገና ደረሰ» ስንል ልደቱን፣ «ገና እንጫወት» ስንል ደግሞ በቆልማማ ዱላ የሚመታውን ጥንግ ማለታችን ነው። እረኞች የምሥራቹን ሰምተው በያዙት ዱላ ተጫወቱ ይላል ትውፊቱ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም ለዚያች አንዲት ቀን ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ እንኳ በጨዋታ ስለሚታለፍለት ነው። እንግዲህ ስለ ልጅነት መጫወቻ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአብዛኛው የሀገራችን ሰፈር መጫወቻ የሚሠራ ነገር እንጂ የሚገዛ አልነበረም። የመጫወቻውን ዓይነት የሚወስነውም በየወቅቱ የሚጣለው ነገር ነው። ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ስለተሰበሰበ የበቆሎና የማሽላ አገዳ ሞልቷል። ልብስ ሰፊው የበዓል ልብስ ሲያደርስ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከማሽኑ ሥር ይከመራል። በዓሉ ሲውል ደግሞ ቆርኪው፣ ጣሳው፣ ፊኛው ይመጣል። ልጅ ይህን የቀን መቁጠሪያ ከባሕረ ሐሳብ አስበልጦ ያውቀዋል። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን መዋሉን የሚሰማውም ፊኛው በአንድ ቀን ስለሚቀድምለት ነው።

ከፊኛው እንጀምር። ዛሬ ፊኛ ሲባል ባለቀለሙን ላስቲክ ብቻ የሚያስብ ልጅ ስሙ ከበግ ሆድ እንደመጣ ሲነገረው ፊቱን ያጨፈግጋል። ላስቲኩ ግን ስሙን የወረሰ እንግዳ ነው፣ ባለቤቱ የበጉ የሽንት ከረጢት ነው። አራጁ ሆድ ዕቃውን ሳያወጣ ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፦ ፊኛውን ከነአንገቱ፣ ሁለት ጣት ያህል ቱቦ አስቀርቶ ይቁረጠው። ከሥሩ ከተቆረጠ የሚታሰር ነገር አይኖረውምና ያ በግ ለልጆቹ ከንቱ ነው። ሽንቱ ከፈሰሰ በኋላ ውስጡ ሁለት ሦስት ጊዜ በውሃ ይታጠባል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፣ እሱም ማሸት ነው። በላዩ የተጣበቀው ሞራ በጥፍር ይላጣል፣ አመድ ይነሰነስበታል፣ በሁለት መዳፍ መሀል እስኪለሰልስ ይታሻል። ያልታሸ ፊኛ ከብርቱካን አይበልጥም። በደንብ የታሸው ግን እጥፉን ያክላል። ሞራው ያልተላጠ እንደሆነ ደግሞ በነጋታው ይሸታል።

በአፍ በቀጥታ አይነፋም። የእስክሪብቶ ቀፎ አንገቱ ውስጥ ይገባል፣ በክር ላላ ተደርጎ ይታሰራል፣ አንዱ ሲነፋ ሌላው ክሩን ይዞ ይጠብቃል፤ ቀፎው ሲሳብ ክሩ በዚያው ቅጽበት መጥበቅ አለበት። ከመነፋቱ በፊት አምስት ስድስት ፍሬ ሽንብራ ቢገባበት ሲደርቅ ይንሿሿል። የሚሰቀለው ጥላ ሥር ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ አንዱ ወገን ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በነጋታው እንደ ብራና ይንኮሻኮሻል፣ ቀላል ነው፣ በመዳፍ ሲመታ ድም ይላል። ሌሊት ድመት በማይደርስበት ቦታ ማዋልን የሚረሳ ሰው ግን ሁለተኛ አይረሳም።

የጥንጉ ዱላ ከዚህ ቀደም ብሎ መዘጋጀት ነበረበት። አንድ ሜትር ገደማ ቢሆን ይበቃል። ቆልማማው ጫፍ አብሮ የበቀለ ቢሆን ይመረጣል፣ የእንጨቱ ጅማት ጠመዝማዛውን ተከትሎ ስለሚሄድ ሲመታ አይሰነጠቅም። እንዲህ ያለ ካልተገኘ እርጥብ ቅርንጫፍ ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀበራል፣ ልጡ ሲላቀቅ ይወጣል፣ በባላ መሀል ገብቶ ይጎብጣል፣ በገመድ ታስሮ ሳምንት ይቆያል። ቶሎ የተፈታ ዱላ ቀስ በቀስ ይቃናና በጨዋታው መሀል በትር ይሆናል። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ግን ይከብዳል። ለልጆች ጥንጉም ከእንጨት ጉጥ ይልቅ በጠፍር የተጠፈረ ጨርቅ ቢሆን ቅልጥም ይተርፋል።

የካልሲ ኳስ ለሁሉም የሚታወቅ ይመስላል፣ ግን በደንብ የሚሠራው ጥቂት ሰው ነው። ብዙ ሰው ካልሲውን በጨርቅ ይጠቀጥቅና ያስረዋል። ያ ኳስ ጠል ያለበት ሣር ላይ አንድ ጊዜ ከተንከባለለ ውሃውን ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል። ትክክለኛው እንብርቱን ከስፖንጅ፣ ቀጥሎ ሦስት አራት ፌስታል አጥብቆ መጠቅለል፣ ከላይ ብቻ ጨርቅ ማልበስ ነው። ስፖንጁ ያነጥረዋል፣ ፌስታሉ ውሃ አያስገባም፣ ጨርቁ ክብደት ይሰጠዋል። ከዚያ ካልሲው ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ ይጠመዘዛል፣ የተረፈው ካልሲ ተገልብጦ መልሶ ይለብሰዋል፣ እንደገና ይጠመዘዛል፤ ካልሲው እስኪያልቅ። ጠመዛው በየዙሩ ቦታውን መቀየር አለበት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተደራረበ ቋጠሮው ያብጥና ኳሱ እንደ ዱባ ወደ ጎን ይንከባለላል። መጨረሻው በመርፌ ይሰፋል እንጂ አይቋጠርም። የሴት ስቶኪንግ ከጥጥ ካልሲ ይሻላል፣ የሚለጠጥ ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይጫናል። ስቶኪንጉ እንዴት እንደሚገኝ እህት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሽቦ መኪናው። እዚህ ላይ ቢረዝምብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የእጅ ሙያ የሚባለው እዚህ ነውና። አርባ ሳንቲሜትር ለሚረዝም መኪና ስድስት ሜትር ያህል ሽቦ ይፈልጋል። ለአካሉ 3 ሚሊሜትር የሚወፍረው፣ ለማሰሪያ ግንበኞች ብረት የሚያስሩበት ቀጭኑ ጥቁር ሽቦ ይሆናል። መሣሪያው አንድ ፒንሳ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው የቀኝና የግራ ጎኑ ነው፣ ሁለተኛው ጎን የግድ በመጀመሪያው ላይ ተደርቦ መታጠፍ አለበት። ለየብቻ በዓይን ግምት የተሠሩ ጎኖች የጣት ውፍረት ያህል ይለያዩና መኪናው ዕድሜውን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ይኖራል። ከዚያ ሁለቱ ጎኖች በአግዳሚ ሽቦ ይያያዛሉ።

ጎማው ካለቀ ነጠላ ጫማ ይወጣል። የሲኒ አፍ ተደፍቶበት በእስክሪብቶ ይከበብና በምላጭ ይቆረጣል። ቀዳዳው በጋለ ሽቦ ይበሳል፣ በምላጭ አይሆንም። የጋለው ሽቦ ላስቲኩን አቅልጦ ዙሪያውን ስለሚያጠነክረው አይሰፋም፣ በምላጭ የተበሳው ግን በሦስት ቀን ይዝላል። ከጎማው በስተውስጥና በስተውጭ አንዳንድ የተበሳ ቆርኪ ካልገባ ጎማው ሽቦውን እየታከከ ይሄዳል፣ ድምፁም ያስታውቃል።

ፈተናው መሪው ላይ ነው። የፊት ጎማዎቹን የሚይዘው ሽቦ ከአካሉ ጋር አይታሰርም፣ መሀሉ ላይ ብቻ ይሽከረከራል። አንድ ሜትር ከ20 የሚሆን ዘንግ ከልጁ እጅ ተነሥቶ፣ ጣሪያው ላይ ባለች ቀለበት አልፎ እዚያ መሀል ይወርዳል። ጀማሪ ጫፉን በቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ ይተወዋል፤ መሪው ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም። መፍትሔው የዘንጉን የመጨረሻ 10 ሳንቲሜትር አጥፎ በጎማው ሽቦ ላይ ማስተኛትና ሦስት ቦታ ማሰር ነው። ዘንጉ ሲበዛ ከተጋደመ ደግሞ ባዞሩት ቁጥር አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሣል፣ ስለዚህ አጭር ዘንግ ቁጠባ አይደለም። ከሞዴል ሁሉ ኤንትሬ የሚባለው የጭነት መኪና የተወደደው ተሳቢ ስለሚቀጠልለት ብቻ አልነበረም። ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ስለሆነ ለሽቦ ይመቻል። ቮልስ ሁሉ ነገሩ ጉብ ጉብ ነውና የሚደፍረው የሰፈሩ አንደኛ ብቻ ነው።

ከቆርኪ የሚጮኸውን ሽክርክሪት በአጭሩ ልለፈው። ቆርኪው የውስጥ ሽፋኑ ወጥቶለት በድንጋይ ይጠፈጠፋል፣ ከመሀሉ በግራና በቀኝ 5 ሚሊሜትር ርቀት ላይ በሚስማር ይበሳል፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ጠንካራ ክር በሁለቱ ቀዳዳዎች አልፎ ጫፉ ይታሰራል። ቀዳዳዎቹ ከመሀል እኩል ካልራቁ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጮኽም። ጥርሱም ወደ ውስጥ ካልተቀጠቀጠ ጣት ይቆርጣል። ሳይጠፈጠፍ የቀረው 24 ቆርኪ ለዳማ ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ በፊቱ፣ አሥራ ሁለቱ በጀርባው፣ የነገሠው በላዩ ሌላ ይደረብበታል።

ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ግን በአምፖል የሚሠራው ሲኒማ ነው። የተቃጠለ ተራ አምፖል የሥሩ ጥቁር ብርጭቆ በጥንቃቄ ይሰበርና የውስጥ ዕቃው ይወጣል። በዚህ ጊዜ አምፖሉ በጨርቅ መጠቅለል አለበት፣ ይህ ሥራ የትልቅ ሰው ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይሞላል። የአየር አረፋ ከቀረበት ምስሉ ላይ ጥቁር ጨረቃ ይሆናል። ካርቶን ይበሳና አምፖሉ ይሰካበታል፣ ከኋላው ቁራጭ ፊልም ይቆማል። ርቀቱ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። ስድስት ሳንቲሜትር ለሚሰፋ አምፖል ፊልሙ ከብርጭቆው ገላ ከ3 ሳንቲሜትር ትንሽ አልፎ መቆም አለበት። ከ3 በታች ከሆነ ግድግዳው ላይ ብርሃን እንጂ ሰው አይታይም። ያኔ ከ1 ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ርቀት ላይ የተዘረጋ ነጭ ነጠላ፣ የፊልሙን ምስል ሃያ እጥፍ አድርጎ ይቀበላል። የተገለበጠ ሆኖ ስለሚወጣ ፊልሙ በጭንቅላቱ ይቆማል።

ብርሃኑ የፀሐይ ነው። ቤቱ ይጨልማል፣ በሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትቀራለች፣ ደጅ የቆመ ልጅ በመስታወት ፀሐይን ወደ ቀዳዳዋ ይመልሳል። ፀሐይ አትቆምም፤ በየሁለት ሦስት ደቂቃው መስታወቱ ትንሽ ካልዞረ ሲኒማው ይጠፋል። ለዚህ ነው መስታወት ያዡ ልጅ ፊልሙን ሳያይ በነፃ የሚገባው። ውሃ የያዘ አምፖል ደግሞ ፀሐይ ላይ ተትቶ አይኬድም፣ ብርሃኑን አንድ ቦታ ሰብስቦ ጨርቅ ያቃጥላል።

ስለ ሴቶቹ መጫወቻ ዝም ብዬ ላልፍ አልነበረም። የሚዘለለው ላስቲክ፣ ሱዚ፣ ከካላማዳሪ (ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) ከተሠራ ስፋቱ አንድ ሳንቲሜትር ተደርጎ ዙሪያውን ሳይቋረጥ መቆረጥ አለበት፤ ቋጠሮ በበዛ ቁጥር እግር ይይዛል። የጨርቅ አሻንጉሊት ደግሞ የሚበላሸው አንገቱ ላይ ነው። ጭንቅላቱ ለብቻው ተሰፍቶ ከተቀጠለ በሳምንቱ ይዘነብላል። አንድ እንጨት ከጭንቅላት እስከ ወገብ ቢያልፍበትና ጥጡ በዚያ ዙሪያ ቢጠቀለል ግን ቀጥ ይላል። ፀጉሩ የበቆሎ ፀጉር፣ ቀሚሱ የልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ነው። የጥለት ቁራጭ የተገኘ ዕለት አሻንጉሊቷ ከባለቤቷ ቀድማ የበዓል ልብስ ለበሰች ማለት ነው።

በውጭ ሀገር ያላችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁ የገና ዛፋቸውን አውጥተው በጣሉበት ሳምንት የምታከብሩ ወዳጆቼ፣ ዕቃ የለንም እንዳትሉ። የላውንደሪ ቤት የሽቦ መስቀያ ሲፈታ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፣ ስድስት ሰባቱ አንድ ኤንትሬ ነው። ከ3 ሚሊሜትር ስለሚቀጥን ለመሪው ዘንግ ሁለቱን አብሮ መጠምዘዝ ነው። እዚህ ያለነውም የሃይላንድ ክዳን ለጎማ እንደሚሆን ደርሰንበታል፣ ሲኒ ሳያስፈልገው እኩል ነው፣ ግን አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፤ ዙሪያውን የካላማዳሪ ቀለበት አልብሱት።

በሉ፣ አራጁ ነገ በጠዋት ይመጣል። ሁለት ጣት ቱቦ አስቀርቶ እንዲቆርጥ ዛሬ ማታ ደውላችሁ ንገሩት፤ ቢላዋውን ካነሣ በኋላ ማንንም አይሰማም። መልካም ገና!