ኒውትራል ላይ ያለ ሞተር ፕሮፔለሩ ለምን ይዞራል? ዝም ብል ይሻለኝ የነበረ ጥገና

ያገለገለ የጀልባ ሞተር ገዛሁ፣ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ሁለት ስትሮክ። ጀልባው ላይ ከመግጠሜ በፊት ልሞክረው ብዬ ማቆሚያ ላይ አሰርኩት፣ ውሃ መሳቢያው ላይ የውሃ ጎማ ገጠምኩለት (ያለ ውሃ እንዳታስነሱት፣ ፓምፑ ውስጥ ያለችው ላስቲክ ወዲያው ነው የምትበላው)፣ ገመዱን ሳብ ሳደርገው በሁለተኛው ተነሳ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ወደ ታች ሳይ ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ፕሮፔለሩ ይዞራል። ቀስ ብሎ ነው ግን ይዞራል። በቃ ማርሹ አልቋል፣ ተበላሁ አልኩ።

እዚህ ጋ ነው የተሳሳትኩት። ከማርሽ እጀታው ወደ ታች የሚወርደው ዘንግ ርዝመቱ የሚስተካከልበት መገጣጠሚያ አለው፣ እሱ ተዛብቶ ይሆናል ብዬ ትንሽ አዞርኩት፣ ለውጥ የለም፣ ደግሜ አዞርኩት፣ አሁንም ያው። ከዛ ወደፊት ሳስገባው ቀጭቀጭቀጭቀጭ የሚል ድምፅ! ቶሎ አጠፋሁት። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ደግሞ ምልክት አላደረግኩበትም ነበር፣ ስለዚህ መመለሱ ራሱ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

በመጨረሻ ዘይቱን አፍስሼ የታችኛውን ክፍል ፈታሁት፣ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሞተሩ የሚወርደው ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኞን የምትባል ትንሽ ማርሽ አለች፣ እሷ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ማርሾች ሁሌም እንደነከሰች ናት፣ ሞተሩ እስከሰራ ድረስ ሁለቱም ይዞራሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ። የፕሮፔለሩ ዘንግ በመሀላቸው ያልፋል እንጂ ከነሱ ጋር አልታሰረም። የሚያስረው ዘንጉ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተት ጥርስ ያለው ቀለበት ነው፣ ወደፊት ስታስገቡ የፊቱን ማርሽ ይነክሳል፣ ወደኋላ ስታስገቡ የኋላውን፣ ኒውትራል ላይ ደግሞ መሀል ቆሞ ማንንም አይነካም።

ታዲያ ማን ነው የሚያዞረው? ዘይቱ ነዋ! የማርሽ ዘይት ወፍራም ነው፣ የኔ ሞተር ላይ የፊቱ ማርሽ በኩሽኔታ ዘንጉ ላይ ነው የተቀመጠው፣ እና ማርሹ ሲዞር መሀላቸው ያለው ዘይት ዘንጉን ይዞት ይሄዳል። የኋላው ማርሽ ግን ዘንጉን ያን ያህል አይጠጋውም፣ ለዛ ነው ፕሮፔለሩ ሁሌ ወደፊት በሚሄድበት አቅጣጫ ሲዞር የነበረው። ልብ ብዬ ቢሆን ሞተሩ ሲሞቅ ዘይቱ እየቀጠነ ስለሚሄድ ዙሩም ቀንሶ ነበር፣ እኔ ግን ያኔ መፍቻ ፍለጋ ላይ ነበርኩ።

ከገጠምኩት በኋላ ረጅም እንጨት ይዤ ፕሮፔለሩን በስሱ ጫን አልኩት፣ ቀጥ አለ፣ የሞተሩ ድምፅ እንኳን አልተለወጠም። በእጃችሁ ግን እንዳትሞክሩት፣ ዘይት ነው ያልኩት የኔን ሞተር ነው፣ የናንተ ጥርሱ ነክሶ ሊሆን ይችላል። ውሃ ውስጥ ሲገባማ ጭራሽ ቆመ፣ ውሃው ከዘይቱ ጉልበት በላይ ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጀልባው ውሃ ላይ ኒውትራል ሆኖ በራሱ ወደፊት የሚሳብ ከሆነ፣ ወይ ቀጭቀጭ የሚል ካለ፣ ወይ በእንጨት ስትይዙት ሞተሩ የሚንገዳገድ ከሆነ ቀለበቱ አንዱን ማርሽ እየነካ ነው ማለት ነው፣ ያኔ ነው ከማርሽ እጀታው የሚወርደውን ዘንግ ማስተካከል። ሚኒሞው (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ ከሆነም የፕሮፔለሩ ዙር ይጨምራል፣ እሱን መጀመሪያ እዩት። ሞተሩን አጥፍታችሁ የካንዴላውን ገመድ ነቅላችሁ ፕሮፔለሩን በእጅ ብታዞሩት ደግሞ ኒውትራል ላይ በሁለቱም በኩል ልቅ መሆን አለበት።

የኔው ቀለበት ጥርሶቹ ጫፋቸው ትንሽ ተልጧል፣ ያ ቀጭቀጭ የሰራው ይሁን የድሮው ባለቤት አላውቅም፣ ግን እኔም እጄ አለበት ብዬ ነው የማስበው። ዘይቱን ቀጠን ባለ ልቀይረውና ዙሩን ላቁመው የሚል ሀሳብም መጥቶልኝ ነበር፣ ተውኩት፣ ውፍረቱ እኮ ለማርሾቹ ጥርስ ነው የተቀመጠው። ሞተሩ የሚፈልገውን ዘይት ከታች ባለው ቀዳዳ እየገፋሁ ከላይኛው እስኪወጣ ሞላሁት፣ ቡሎኖቹን ከነአዲስ ዋሸራቸው አጠበቅኩ፣ ኒውትራል ላይ አስነሳሁት፣ እንደበፊቱ ቀስ ብሎ መዞር ጀመረ።