የሚታመን ድምዳሜ ሁሉ ትክክለኛ አይደለም፦ ሰውና የቋንቋ ሞዴል

«አበባ ሁሉ ውሃ ይፈልጋል። ጽጌረዳ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ጽጌረዳ አበባ ነው።» ብዙ ሰው «ልክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ድምዳሜው እውነት ነው፤ ከሁለቱ መነሻዎች ግን አይወጣም። በጽጌረዳ ቦታ በሬ ሲገባ ጉዱ ይወጣል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኢቫንስ፣ ባርስተንና ፖላርድ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተፈታኞች ከመነሻው የማይወጣውን ግን የሚታመነውን ድምዳሜ 71 በመቶ ያህል ተቀብለውታል። በትክክል የሚወጣውን ግን ለማመን የሚከብደውን የተቀበሉት 56 በመቶ ያህል ነው። በ2022 የዲፕማይንድ (የጉግል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት) ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ለቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ጽሑፍ ለሚያመነጩ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች፣ ሲሰጡ፣ ሞዴሎቹም ባብዛኛው ሰው በሚሳሳትበት ቦታ ተሳሳቱ። አያስገርምም፤ የተማሩት ሰው ከጻፈው ነው፣ በጽሑፍ ውስጥ ደግሞ የሚታመን ዓረፍተ ነገር ይበዛል።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዌሰን የካርድ ፈተናም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ካርድ በአንድ ወገን ፊደል፣ በሌላው ቁጥር አለው፤ አራቱ ካርዶች ሀ፣ ለ፣ 3 እና 7 ያሳያሉ፤ ደንቡ «በአንድ ወገን ሀ ካለ በሌላው 3 አለ» ይላል። ደንቡ መጣስ አለመጣሱን ለማወቅ መገለጥ ያለባቸው ሀ እና 7 ሲሆኑ ብዙው ሰው ሀ እና 3 ይላል። ካርዶቹ መጠጥና ዕድሜ ሲያሳዩ፣ ደንቡም «ቢራ የሚጠጣ ዕድሜው ከ19 በላይ ይሁን» ሲሆን ግን፣ በ1982 በግሪግስና ኮክስ ሙከራ ከ40 ሰው 29ኙ በትክክል መልሶታል።

ሞዴልን በዚህ መፈተን ለሚፈልግ፦ የታወቁትን እንቆቅልሾች እንዳሉ አይጠቀሙ። መልሳቸው ኢንተርኔት ላይ ስለሞላ የሚለካው ትውስታ ነው። አራት ዓይነት ጥያቄ ያዘጋጁ፦ የሚወጣና የሚታመን፣ የሚወጣና የማይታመን፣ የማይወጣና የሚታመን፣ የማይወጣና የማይታመን። ከየዓይነቱ 10 ይበቃል። እነዚያኑ 40 ጥያቄዎች በፈጠራ ቃላት («ዘምቡ ሁሉ ቀልጢ ነው») ይድገሙ። እያንዳንዱን በአዲስ ውይይት ይጠይቁ፤ «ይወጣል» እና «አይወጣም» የሚሉትን አማራጮች ቦታ እያቀያየሩ። በፈጠራ ቃላቱ ጥሩ ሠርቶ በሚታመኑት ከወደቀ፣ ችግሩ የአመክንዮ እጥረት ሳይሆን የይዘቱ ጫና ነው።

በአማርኛ አንድ ወጥመድ አለ፦ «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» ማንም አልመጣም ወይም የቀረ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። «አንድም ተማሪ አልመጣም» ወይም «ያልመጡ ተማሪዎች አሉ» ብለው ይጻፉ፤ አለዚያ የጥያቄው ጉድለት በሞዴሉ ላይ ይመዘገባል።

ሞዴሉ ደረጃ በደረጃ እንዲያስብ ማድረግ ስህተቱን ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የሚጽፈው ማብራሪያ ግን ምስክር አይሆንም፦ በ2023 በወጣ ጥናት ከጥያቄው በፊት ለሞዴሎቹ የተሰጡት ምሳሌዎች መልስ ሁሉ የመጀመሪያው አማራጭ እንዲሆን ሲደረግ ሞዴሎቹ ወደዚያው አማራጭ አዘነበሉ፤ በማብራሪያቸው ግን ስለ አማራጩ ቦታ አላነሱም። ነጥቡን ከመጨረሻው መልስ ብቻ ይያዙ።