ዛጎልና አኗኗር

ከሰሞኑ ሀሳቤ ሁሉ ቢቫልቭ ላይ ነው፣ እነዚህ ሁለት ክፍል ዛጎል ገጥመው የሚኖሩት ክላም፣ ኦይስተር፣ ስካሎፕ ምናምን የሚባሉት የውሃ እንስሳት። አሰራራቸው እኮ ያው አንድ ነው፣ ማንትል የሚባለው ስስ የገላቸው ክፍል በጠርዙ እያመነጨ ዛጎሉን ከዳር በኩል ይጨምርበታል በቃ። ታዲያ ይሄ ሁሉ መልክ ከየት መጣ እያልኩ ሳነብ ከረምኩ፣ አብዛኛው መልስ አኗኗራቸው ላይ ነው ያለው።

ሬዘር ክላም ረጅም፣ ቀጭን፣ ልስልስ ያለ ነው፣ አሸዋ ውስጥ ቁልቁል ይገባል። ዛጎሉን ድንገት ገጠም ሲያደርግ ዙሪያው ያለው አሸዋ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይላላለትና ብዙ ሳይደክም ይሰምጣል፣ እንዴት ደስ ይላል! ስካሎፕ ሁለቱን ክፍል እያጨበጨበ ውሃ እየተፋ ይዋኛል። የመርከብ ትል የሚሉት (ትል አይደለም፣ እሱም ቢቫልቭ ነው) ዛጎሉ ፊቱ ላይ ብቻ ቀርቶ እንጨት መሰርሰሪያ ሆኖታል።

እኔን የያዘኝ ግን ኦይስተር ነው። በግራ ዛጎሉ ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ ከዛ በኋላ ቅርጹን በአብዛኛው የሚወስንለት ቦታው ነው፣ ሰፊ ቦታ ካገኘ ክብ ይላል፣ ጎረቤት ከበዛበት እየጠበበ ወደላይ ይረዝማል፣ አንድ ዝርያ ሆኖ እኮ ነው። ሌላ ዛጎል ላይ ከተጣበቀማ የዛን ሸንተረር ሳይቀር ይቀዳል። አንዴ የወጣውን ቅርጽ ደግሞ መልሶ ማቃናት የለም። ሁለቱ ክፍል የሚያያዙበት ማጠፊያ ጋ ያለችው ጫፍ የህፃንነቱ ዛጎል ናት፣ ከእሷ ተነስታችሁ የእድገት መስመሮቹን በጣታችሁ እየተከተላችሁ ብትወርዱ የት ጋ እንደተጣመመ፣ የት ጋ ሌላ ነገር እንደገፋው ታገኙታላችሁ። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚነካኝ።

ዴቪድ ራውፕ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ በ1966 በአራት መለኪያ ብቻ ብዙ ዓይነት የዛጎል ቅርጽ በኮምፒውተር መሳል እንደሚቻል አሳይቷል፣ ስራው ድንቅ ነው፣ እንደ ኦይስተር ያለው ቦታው ያጣመመው ግን በእንደዛ ዓይነት ስሌት አይያዝም።

ለየዝርያው ስም ማውጣቱንም አስቸጋሪ ያደረገው ይሄው ቅርጻቸው እንደ ቦታው መለዋወጡ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ አኖዶንታ የሚባለውን የወንዝና የሀይቅ ቢቫልቭ፣ መልኩ ትንሽ በተለየ ቁጥር አዲስ ዝርያ ነው እያሉ በመቶዎች የሚቆጠር ስም አወጡለት፣ አብዛኛው በኋላ ተሰረዘ። ኦይስተርንም ዛሬ በእርግጠኝነት ለመለየት ዲኤንኤ ነው የሚታየው፣ በዛጎል ብቻ ቢባል ሁለት ወንድማማች የተለያየ ስም ይዘው ይቀሩ ነበር።