ማን ማንን ቀሰቀሰ? የአራት ወር ልምዴ ከደሴ

ጀመዓ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው «ከአንጎል ሲግናል ላይ ቀስት ማውጣት ቻልኩ» ብዬ ጉራዬን ነዝቼባችሁ ነበር። ዛሬ የጉራውን ግማሽ ልመልስ ነው የመጣሁት።

ለአዲሶች፦ ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ነው። ሁለት የአንጎል ክፍሎች አብረው ሲዋዥቁ መሪው ማነው፣ ተከታዩስ? ቀስት የምለው ከመሪው ወደ ተከታዩ የሚጠቁመውን ነው። ኢኢጂ ራስ ቆዳ ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች የኤሌክትሪኩን ለውጥ በማይክሮቮልት ይለካል። ኤምኢጂ ደግሞ የነርቭ ሴሎቹ የሚፈጥሩትን መግነጢሳዊ መስክ ይለካል። ይህ መስክ ከመሬት መግነጢስ ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ መሣሪያው ከውጭ መግነጢስ የተከለለ ክፍል ይፈልጋል። እኔ ያለኝ ላፕቶፕ ብቻ ነው። የምሠራው በነፃ በተለቀቀ ዳታ ነው።

ፊዚዮኔት በሚባለው ነፃ የሕክምና ዳታ ድረ ገጽ ላይ የ109 ሰዎች ኢኢጂ አለ፤ 64 ቻናል፣ በሰከንድ 160 ናሙና። የሃያ ሰው ብቻ አወረድኩ፤ ዓይን ገልጦ አንድ ደቂቃ፣ ጨፍኖ አንድ ደቂቃ። እሱንም ሌሊት ሌሊት፣ ኔትወርኩ ነፍስ ሲዘራ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ያስቃል። የመብራት መስመር ጫጫታን ላጠፋ 50 ኸርዝ ላይ ቆረጥኩ። ግራፉ 60 ላይ የቆመችው እሾህ ንቅንቅ አላለችም። ሁለት ቀን ኮዴን ስበረብር ከረምኩ። ለካ ዳታው የተቀዳው አሜሪካ ነው፤ የእነሱ መብራት 60 ኸርዝ ነው። እኔ የደሴን መብራት ነበር የማጠፋው። እሱ እንደሆነ ያለእኔም እርዳታ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ግሬንጀር ዘዴ ገባሁ። ሐሳቡን ኖርበርት ቪነር በ1956 እ.ኤ.አ. አነሳው፤ ክላይቭ ግሬንጀር በ1969 ለስሌት አመቻቸው። ግሬንጀር የኢኮኖሚ ሰው ነውና በጤፍ ልንገራችሁ። የደሴን የፊታችን ሳምንት የጤፍ ዋጋ ለመገመት የደሴ ያለፉት ሳምንታት ዋጋ ይበቃኛል? ወይስ የኮምቦልቻን ያለፈ ዋጋ ስጨምርበት ግምቴ ይሻሻላል? ከተሻሻለ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ቀስት ይሣላል። ለአንጎልም ያው ነው።

ዓይን በተጨፈነበት ዳታ ሠራሁት። ከጭንቅላት ኋላ ወደ ግንባር የሚሄድ ደማቅ ቀስት ወጣ። ጉራዬን የነዛሁባችሁ ያኔ ነው።

ያሳፈረኝ የንጋት አዛን ነው። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ጎድጎድ ብላ የተኛች ከተማ ስለሆነች ድምፅ አይጠፋባትም። በረንዳችን ላይ ሆኜ የሁለት መስጊድ አዛን እሰማለሁ፤ አንደኛው ትንሽ ይቀድማል። ታዲያ ሁለተኛው ሙአዚን የተነሳው የመጀመሪያውን ሰምቶ ነው? አይደለም። ሁለቱም የሚያዩት ሰዓት ነው።

ሌላም አለ። ያንኑ አንዱን አዛን እኔም ጎረቤቴም በስልክ ብንቀዳው፣ እሱ ጋ ወፍጮ እየጮኸ ከሆነ ቅጂው ይደበዝዛል። ሁለቱን ለስሌቱ ብትሰጡት የእኔ ስልክ የጎረቤቴን ስልክ ይመራል ይላችኋል! ስልኬ ምን በወጣው?

ጭንቅላት ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። የአንድ ምንጭ ኤሌክትሪክ በአጥንትና በቆዳ ተሰራጭቶ ብዙ ኤሌክትሮድ ላይ በአንዴ ይደርሳል። ኤምኢጂን አጥንቱ ያን ያህል አያደበዝዘውም፤ እዚያም ግን አንድ ምንጭ ብዙ ሴንሰር ላይ ይታያል።

ላረጋግጥ ብዬ አልፋ (ዓይን ሲጨፈን የሚጎላውን የአንጎል ሞገድ) የሚመስል ሲግናል በኮምፒውተር ፈጠርኩና ኮፒ አደረግሁት። አንዱ ላይ ትንሽ፣ ሌላው ላይ ብዙ ኖይዝ (ጫጫታ) ጨመርኩ። በመካከላቸው ምንም ግንኙነት የለም፤ ያው አንድ ነገር ናቸው። ቀስቱ ከጥርቱ ወደ ደብዛዛው ፏ ብሎ ወጣ። ኖይዙን ሳቀያይረው ቀስቱም አብሮ ዞረ። ወላሂ ደነገጥኩ።

መድኃኒቱ ጊዜን መገልበጥ ነው። ሲግናሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አዙሮ እንደገና ማስላት። እውነተኛ መሪ ካለ ቀስቱ ይገለበጣል። የቅልቅልና የኖይዝ ጉዳይ ከሆነ ግን ባለበት ይቆማል፤ በአንድ ቅጽበት የሚቀላቀል ነገር ፊትና ኋላ የለውማ። እህቴ ቡና እየቀዳች «ካሴት ወደ ኋላ ማጫወት በለኛ» አለችኝ። እኔ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን በቶና ጨረሰችው።

የሃያውንም ሰው ገለበጥኩ። በብዙዎቹ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። በጥቂቶቹ ዞሯል፤ እሱንም ገና አላምነውም፤ ምክንያቱም ይህ ፈተና የስልኩን እንጂ የሰዓቱን ችግር አይፈታም። ከሁለቱ ጀርባ ሦስተኛ ምንጭ ካለና ወደ አንዱ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ቀስቱ በደንብ ተገልብጦም ያሞኛል።

ቀጣዩ ኤምኤንኢ ፓይተን የሚባለው የአንጎል ሲግናል መተንተኛ ሶፍትዌር ለመለማመጃ የሚያቀርበው የኤምኢጂ ናሙና ዳታ ነው፤ 306 ሴንሰር። ፋይሉ ግን ከብዶ ሦስቴ ግማሽ መንገድ ላይ ተቋርጦብኛል። ከእናንተ ያወረደው ካለ፣ ወደ ደሴ ብቅ ሲል በፍላሽ ይያዝልኝ። ቡናው በእኔ ነው።